የነገረ ይሸከማል

የከተማዋን ስም አልጠራም። ስሟን ከጠራሁ አንድ ሰው ተነሥቶ እንዴት እንዳለች ይጠይቃታል፤ ከተጠየቀች ደግሞ ደህና ነኝ ማለቷ አይቀርም። እኔ የምተርከው ያን መልስ የተወችበትን ዓመት ነውና ስሟ ይቅር።

የተወለድኩት እዚያው ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ወጣሁ፤ ሩቅ አገር አሥራ አራት ዓመት ተምሬ ተመለስኩ። የተማርኩት የሕዝብን ጤና ማቀድ ነው። መርፌ መውጋት አላውቅም፤ ስንት ሰው መርፌ መወጋት እንዳለበት ግን አውቃለሁ። ይህን ልዩነት ለከተማው ሰው ሁለት ጊዜ አስረዳሁ። ሁለት ጊዜም በጥሞና ሰምተው «ገብቶናል፣ ዶክተር» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ተውኩት። ማረፊያዬ ያሳደጉኝ የአክስቴ የእማዋይሽ ቤት ሆነ። ሻንጣዬን አልጋ ሥር አስገባሁት። ጧት ጧት ሸሚዝ ከዚያ አወጣለሁ፤ ታጥቦ ሲደርቅ አጥፌ እዚያው እመልሰዋለሁ። ዕቅዱ ሲያልቅ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ ወዴት እንደምሄድ ግን ገና አልወሰንኩም።

በከተማችን ጤና የሚታወቀው በመጠየቅ ነው። በየሰፈሩ አንድ ጠያቂ አለ። ጠያቂ ደመወዝተኛ ነው፤ ግራጫ ካፖርት ይለብሳል፤ ትልቅ መዝገብ በብብቱ ይይዛል። ማለዳ ማለዳ በየደጁ ይቆምና ኮፍያውን አውልቆ «እንዴት አደራችሁ?» ይላል።

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን።»

«ልጆቹስ?»

«ደህና።»

«ከብቶቹስ?»

«ደህና።»

ጠያቂው «ደህና» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። በስድሳ ሁለት ዓመት ውስጥ በመዝገቡ ላይ ሌላ ቃል ተጽፎ አያውቅም። ሰው የሞተ እንደሆነም «በደህና ሞተ» ተብሎ ይጻፋል።

አመመኝ ማለትን የሚከለክል ሕግ የለም። ፈልጌዋለሁ፤ የለም። ነገር ግን ጭቃ ረግጦ፣ ብርድ ችሎ፣ ኮፍያውን አውልቆ የጠየቀን ሰው በማለዳ በክፉ ቃል መመለስ ነውር ነው። ደግሞም አንድ ደጅ «ደህና» ሳይል የቀረ እንደሆነ የሰፈሩ ነጭ ሰንደቅ ይወርዳል፤ የሰፈሩም ሰው ሁሉ ያን ደጅ ያያል። አክስቴ እማዋይሽ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድሉ «ደህና» ስላሉ በራቸው ላይ የነሐስ ሰሌዳ ተመትቶላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሎሚና በአመድ ያሹታል። ፀሐይ ስትወጣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ግድግዳ ያበራል።

ጤና ጣቢያም አለን። ሠላሳ አልጋ አለው። ሰው ተኝቶበት ስለማያውቅ ከዘመዶቻችን ቤት ሁሉ ንጹሕ እሱ ነው። ድሬሰር መኩሪያው፣ ብቸኛው የጤና ባለሙያ፣ አንሶላዎቹን በየሳምንቱ ያሳጥባል። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ ከጓሮ በሥርዓት ያስቀብራል። በቀብሩ ላይ የጠያቂዎቹ አለቃ ሊቀ ጠያቂ ብናልፈው ንግግር ያደርጋሉ፤ ንግግሩም ሁልጊዜ «ዘንድሮም ሳንፈልገው ቀረ» ብሎ ይጀምራል።

እኔ የተቀጠርኩት ለዚህች ከተማ የአምስት ዓመት የጤናና የደህና ኑሮ ዕቅድ እንድጽፍ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ አሥራ አንድ ሰው ተቀመጠ። ሊቀ ጠያቂው በራስጌ ሆነው መዝገቡን ገለጡ።

«መነሻችን ስንት ነው?» አልኩ።

«መቶ በመቶ።»

«ግባችንስ?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቀው አያውቁም ነበር። አንዱ «መቶ እንበል» አለ። ሌላው «ታዲያ ምኑን አቀድነው?» አለው። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በመቶ አሥር ተስማሙ። እንዴት ሆኖ ከመቶ እንደሚያልፍ ስጠይቅ ሊቀ ጠያቂው መነጽራቸውን አውልቀው በትዕግሥት አዩኝ።

«ለእሱ ነው እንግዲህ እርስዎን ያስተማርንዎት» አሉ።

እንዳላስተማሩኝ አልነገርኳቸውም።

ሁለት ወር ሙሉ ከመዝገብ መዝገብ ስዞር ከረምኩ። ተጠራጣሪ ነኝ፤ ሰው መቶ በመቶ ደህና ነኝ ሲለኝ ደስ አይለኝም። ነገር ግን ከየትኛውም ወረቀት አንድ ራስ ምታት እንኳ ላገኝ አልቻልኩም። በመጨረሻ ያልተለመደ ነገር ያገኘሁት ከአውቶቡስ ተራ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ «የለቅሶ አውቶቡስ» የሚባል ይነሣል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ከተማ ይሄዳል፤ ሁልጊዜም ሞልቶ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች በወር ሁለት መቶ አሥር ያህል ሆነው ለለቅሶ ይሄዳሉ። ማዶ ያሉት ሰዎች እንዴት እንደሚረግፉ እያሰብኩ አዘንኩላቸው። ከዚያ ስለ ራሳችን ሰዎች አሰብኩ። ሐዘን ልብን ያደክማል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ይህን የሚያሳይ ጥናት በተማርኩበት አገር ሞልቷል። ሌላ ምንም ስላልነበረኝ ይህን ያዝኩ። የዕቅዱም ዋና ምሰሶ እንዲህ የሚል ሆነ፦ ሕዝቡን ከሐዘን መጠበቅ። የለቅሶው አውቶቡስ ይቁም፤ ማጽናኛ በስልክ ይላክ።

ለኮሚቴው አነበብኩት። ሊቀ ጠያቂው ረዘም ላለ ጊዜ ጫማቸውን ሲመለከቱ ቆዩ።

«የሚቃወም አለ?» አሉ።

ማንም አልተቃወመም። አሥራ አንድ እጅ ወጣ። አሁን ሳስበው እጆቹ ቀስ ብለው ነበር የወጡት፤ ያኔ ግን ክብደት ያለው ነገር ስላቀረብኩ መሰለኝ። ማኅተም ተመታበት። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀድኩት ነገር በሳምንቱ ሲፈጸም አየሁ።

አውቶቡሱ በቆመ በሁለተኛው ሳምንት አክስቴ ማሳል ጀመሩ። ጀመሩ ማለቴ እኔ ሰማሁ ማለቴ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ሳል ምንድን ነው?»

«ሳል አይደለም። ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ጉሮሮው የኔ አይደለም እንዴ?»

ቀሚሳቸው ሰፋቸው። ሰሌዳቸውን ሲያሹ ሁለት ጊዜ ይቀመጣሉ። ማለዳ የሰፈራችን ጠያቂ ወይዘሮ አንጓች ስትመጣ ግን በሩን ይዘው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ይላሉ፤ እሷ እስክትርቅ ጠብቀው ግድግዳ ይደገፋሉ።

አንድ ቀን ሳላስበው «ያቺ አውቶቡስ በቃ ቀረች?» አሉኝ።

«ቀረች። ሐዘን ጤና ይጎዳል።»

«እንዲያ ነው?»

«ማን ሞቶብዎት ነበር ማዶ?»

ትንሽ አሰቡ። «ብዙ ሰው» አሉ። «እንግዲህ አንተ ተምረሃል፤ ታውቃለህ።»

ለማዶዎቹም አንድ ዕቅድ ልጻፍላቸው ብዬ በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀን በእግሬ ተሻገርኩ። የጠበቅኩት ድንኳን በየደጁ የተተከለባት፣ ጥቁር የለበሰች ከተማ ነበር። ያገኘኋት ሽንኩርት የሚሸጥባት፣ ሰው የሚሳሳቅባት ከተማ ሆነች። ሻይ ቤት ገብቼ አሳላፊውን «ለቅሶው የት ነው?» አልኩት።

«የምን ለቅሶ? እዚህ ሰው ከሞተ ሁለት ወር ሆነው።»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ከወዲያ የሚመጡት ለቀስተኞችስ?»

«አሃ፣ የእናንተ በሽተኞች? እነሱማ የሚመጡት ጤና ጣቢያ ነዋ። ደግሞ ሰሞኑን ጠፍተዋል።»

ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ያለምወርቅ የምትባል ረዥም ሴት ናት። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሰዎቻችሁ የት ገቡብኝ? ሦስት ማክሰኞ ሆነ እኮ።»

«አውቶቡሱ ቆመ።»

«ያቆመው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ከዚያ መዝገብ ገለጠች። የአክስቴን ስም ስጠራላት ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። የሳንባ ነቀርሳ። የስድስት ወር መድኃኒት። ሦስተኛው ወር ላይ የተቋረጠ።

ቁጭ አልኩ።

«ለአንተ ጠቅልዬ አልሰጥህም» አለች። «ይህ መድኃኒት ባለሙያ በዓይኑ እያየ የሚዋጥ ነው። ከወንዝ ማዶ ስለሚመጡ ሳምንታዊ ቀጠሮ ያዝንላቸው እንጂ ደንቡ የየቀኑ ነበር። ወደዚህ ልታመጣት ትችላለህ?»

«ከበር እስከ መንገድ መራመድ አቅቷቸዋል። ተሸክሜ ላምጣ ብል ደግሞ ሰው ፊት በቃሬዛ ከምወጣ እዚሁ ልሙት ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው የእናንተው ድሬሰር ይረከባት። ነገር ግን የምልክበት ወረቀት ከከተማችሁ መዝገብ ላይ ቁጥር ይጠይቃል። በመዝገባችሁ ታማሚ ተብላ መጻፍ አለባት።»

«በስድሳ ሁለት ዓመት አንድ ሰው አልተጻፈም።»

«እስከ ማክሰኞ አስጽፋት» አለች። «አራተኛ ሳምንት ካለፈ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንደሚሠራላት ደግሞ አልምልልህም።»

ስወጣ ከኋላዬ «ስለ ሌሎቹም አስብ» አለችኝ። የመዝገቡ ቀሪ ገጽ ተገልጦ ነበር፤ ማየት አልነበረብኝም። ከአሥራ አንዱ የኮሚቴ አባላት የሰባቱን ስም አየሁ። ከላይ «ብናልፈው፤ ስኳር፤ የእግር ቁስል» ይላል።

ስድስት ቀን ነበረኝ። የመጀመሪያውን ቀን ከአክስቴ ጋር ተከራከርኩ። ሁሉን እንዳወቅሁ ነገርኳቸው። አልካዱም፤ አላመኑምም።

«አንድ ቃል ነው፣ እትዬ። ነገ ወይዘሮ አንጓች ስትመጣ አሞኛል ይበሉ።»

«ስማኝ» አሉ። «የዚህ ሰፈር ሰንደቅ የቆመው በኔ ነው። ሳል መጣ ብዬ እኔ ላወርደው? ባሌ የሞተ ዕለት፣ ሬሳው እዚህ መደቡ ላይ እንደተጋደመ፣ ጠያቂው መጣ። ምን ያልኩ ይመስልሃል?»

ምን እንዳሉ በሩ ላይ የተመታው ሰሌዳ ይናገር ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሊቀ ጠያቂው ዘንድ ሄጄ አውቶቡሱን መልሱልኝ አልኩ። በጣም አዘኑ፤ ከልባቸው ነበር።

«ዕቅዱ የአምስት ዓመት ነው፣ ዶክተር። ታትሟል። የአጋማሹ ግምገማ በሁለት ዓመት ተኩል ይደረጋል፤ ያኔ አስተያየትዎን በጽሑፍ ያቅርቡ።»

«እስከዚያ ሰው ይሞታል።»

«በመዝገቡ ላይ የታመመ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ» አሉ፤ የግራ እግራቸውንም ቀስ አድርገው ከጠረጴዛው ሥር አስገቡ።

ወደ ቤት ስመለስ ሻንጣዬን እያሰብኩ ነበር። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሳይደርስ ብሄድ ማንም አይከሰኝም ነበር፤ ይልቁንም ሸኝተው፣ መርቀው፣ «በደህና ሄደ» ብለው ይጽፉልኝ ነበር። እንዲህ እያሰብኩ ደጃችን ስደርስ ከቅንጭቡ አጥር በላይ አንድ ራስ ብቅ አለ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ትርንጎ ራስ ነው። ዶሮዋ የአክስቴን ጤና አዳም ከጫረች ወዲህ ሁለቱ ከተኳረፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

«አንተ ልጅ» አለች፤ ዝግ ብላ። «ያቺን አክስትህን አንድ በላት። ሳሏ ግድግዳዬን ሊንደው ነው። ትናንት ጓሮ ደም ተፍታ አመድ ስታለብስበት በዚህ ዓይኔ አየኋት። ሥጋዋ አልቆ ነጠላዋ ነው የሚሄደው። የታመመ ሰው ቤት ያስቀምጧል? ምን ተማርክ ታዲያ?»

«እርስዎስ፣ ወይዘሮ ትርንጎ? እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ደህና፣ እግዜር ይመስገን» አለችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ እያቃሰተች ተመለሰች።

እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። አሥራ አራት ዓመት ስማር ይህን የሚያህል ትምህርት ያስተማረኝ አልነበረም። በዚህች ከተማ ማን ምን እንደሚያመው የማያውቅ የለም። ስለ ራሱ ብቻ ነው የማያውቀው።

ሮጬ ወይዘሮ አንጓች ቤት ሄድኩ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ጠያቂ ናት፤ እኔንም በልጅነቴ አፍንጫዬን እየጠረገች ጠይቃኛለች። ሐሳቤን ነገርኳት፦ ጥያቄ እንጨምር። «እንዴት አደራችሁ?» ካልን በኋላ «ጎረቤታችሁስ?» እንበል።

ውሃውን በእግሯ አማሰለች።

«ይጽፉልሃል» አለች። «መዝገብ እስኪሞላ ይጽፉልሃል። ያስፈራኛል።»

እኔንም ያስፈራኝ ነበር። ጎረቤት ስለ ጎረቤት ለመዝገብ መናገር የጀመረባቸው ዘመናት በተማርኳቸው መጻሕፍት ውስጥ መልካም ዘመናት ተብለው አልተጻፉም። ይህንኑ ነገርኳት።

«እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ጨምርበት» አለች ወይዘሮ አንጓች፤ እግሯን ከውሃው እያወጣች። «የነገረ ይሸከማል በል። እገሌ ታሟል ያለ ሰው፣ ያንን እገሌን ጤና ጣቢያ ድረስ ራሱ ያደርሰው። መሄድ የሚችለውን ክንዱን ይዞ፣ የማይችለውን በቃሬዛ። ሰው ለሐሜት አፉን ነው እንጂ ትከሻውን አያዋጣም፤ ውሸቱ በዚያው ይጣራል።»

ዓርብ ሊቀ ጠያቂው ዘንድ ተመለስኩ። ስለ አክስቴ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

«መቶ አሥሩን አገኘሁት» አልኩ።

ቀና አሉ።

«እስከ ዛሬ ከአንድ ቤት አንድ መልስ ነው የምንሰበስበው። ስለ ጎረቤትም ከጠየቅን ከአንድ ቤት ሁለት መልስ ይገኛል። ይህ ሁለት መቶ በመቶ ነው።»

«ሁለት መቶ» አሉ፤ በጣም ዝግ ብለው። «ዕቅዱን አይነካም?»

«አይነካም። ይበልጠዋል እንጂ።»

ማኅተሙን አነሡ። ከመምታታቸው በፊት ግን እጃቸው አየር ላይ ቆመ። «ዶክተር» አሉ፣ «ስለ እኔም ይጠየቃል?»

«ጎረቤት ካለዎት።»

«ሰባት ጎረቤት አለኝ» አሉ። ማኅተሙን መቱት። እንደ ሸክም አውራጅ ተንፍሰው ወደ ወንበራቸው ተደገፉ።

አዲሱ ጥያቄ የተጀመረው ሰኞ ነው። አክስቴ እንደ ልማዳቸው በሩን ይዘው ቆሙ። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ እማዋይሽ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን።»

«ጎረቤትዎስ?»

አጥሩን አዩ። ድምፃቸው ሲመጣ ከሰማሁት ሁሉ የተለየ ነበር፤ ሕያው ነበር።

«ትርንጎ? ትርንጎማ ጉልበቷ ካለቀ ሁለት ዓመቷ። ምርኩዟን ከበር ኋላ ደብቃ ሰው ሲያያት አጥር ይዛ ነው የምትሄደው። እንቅልፍም የላትም። ስታቃስት እሰማታለሁ።»

ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ ትርንጎ ድምፅ ተቀበለ።

«ጻፊ፣ አንጓች! እኔንም ጠይቂኛ! እሷ ደም ስትተፋ ስንት ወሯ! ከሷ ሳል እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት!»

«አንቺ ምን አገባሽ በኔ ሳል?»

«አንቺስ በኔ ጉልበት?»

ወይዘሮ አንጓች አጥሩ ሥር ቆማ ሁለቱንም ጻፈች፤ ደም የምትተፋዋን አስቀድማ። በስድሳ ሁለት ዓመት መዝገብ የመጀመሪያው የታማሚ ስም «እማዋይሽ» ሆነ። ቁጥር አንድ። ወረቀቱ የጠየቀው ቁጥር ይኸው ነበር።

«እንግዲህ ደንቡ የነገረ ይሸከማል ነው» አለች።

ቃሬዛው አራት ሰው ይፈልጋል። እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፤ ሁለት ጎረምሶች ከመንገድ ተጠሩ። አራተኛውን ጫፍ ወይዘሮ ትርንጎ ያዘች፤ በሌላ እጇ ደግሞ ለሁለት ዓመት የደበቀችውን ምርኩዝ፣ አገር እያየ። አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰማዩን እያዩ ይሄዳሉ።

«ወደ ግራ አዘነበልሽኝ» አሉ መንገድ ላይ።

«ከከበደሽ ውረጂ።»

«ያቺ ዶሮሽ አለች?»

«ከሞተች አሥራ ሰባት ዓመቷ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ አክስቴ። ከዚያ በኋላ እስከ ጤና ጣቢያው አልተጨቃጨቁም።

እኛ ብቻ መስሎን ነበር። ከየመንገዱ ቃሬዛ ይወጣል። የተደጋገፈ ይመጣል። አንዱ አንዱን እየገፋ «ሽንትህን ነው የነገርኩት» ይላል፤ ተገፊው «አንተስ ዓይንህ?» ይላል። ድሬሰር መኩሪያው ነጭ ጋወኑን ለብሶ በር ላይ እንደ ሁልጊዜው ቆሞ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የመሰለው የመድኃኒት ቀብር ነው። ሲገባው ግን ጋወኑን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። የመጀመሪያዋን ታማሚ የመጀመሪያዋ አልጋ ላይ ሲያስተኛት አንሶላውን በእጁ ዳበሰው።

«ሃያ ዓመት አሳጠብኩት» አለ።

በሊቀ ጠያቂው ላይ ሰባት ጎረቤት ተናግሮባቸው ነበር፤ ሰባቱም ተሸክመው አመጧቸው። ጫማቸው ወለቀ። ቁስሉ ክፉ ነበር፤ እግሩ ግን ይድናል አለ መኩሪያው። እኩለ ቀን ላይ ፋሻ አለቀ። በየሰፈሩ ወርደው የተከመሩት ነጭ ሰንደቆች በፈላ ውሃ ታጥበው፣ ተቀደው፣ ፋሻ ሆኑ። በመጀመሪያው ሰንደቅ የታሰረው የሊቀ ጠያቂው እግር ነው።

«የየትኛው ሰፈር ነው?» አሉ።

«የሁሉም ወርዷል፣ ጌታዬ። አይለይም።»

«እንኳን» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ማክሰኞ ጧት ቁጥሩን ይዤ ተሻገርኩ። ሲስተር ያለምወርቅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ካርቶን ሙሉ መድኃኒት አሸከመችኝ። ካርቶኑን ተሸክሜ ወንዙን ስሻገር እግሬ ውሃ ውስጥ ሳለ ቆሜ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

የዓመቱ ሪፖርት ሁለት መቶ በመቶ ብሎ ወጣ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

አክስቴ ስድስት ወራቸውን ጨረሱ። ሰሌዳው አሁንም በር ላይ አለ፤ ግን አያሹትም፤ ጊዜ የላቸውም። ማክሰኞና ዓርብ ወይዘሮ ትርንጎን ክንዷን ይዘው ጤና ጣቢያ ያደርሷታል። የነገረ ይሸከማል። በመንገዱ ሁሉ ይጨቃጨቃሉ።

የቀረው የኔ ነገር ነው። አክስቴ ጤና ጣቢያ በተኙ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አንጓች አልጋቸው ድረስ መጥታ ስለ ጎረቤት ጠይቃቸው ነበር። ከኔ በቀር የሚናገሩበት ሰው አላጡም፤ ግን በኔ ተናገሩ። መዝገቡን ቆይቼ ነው ያየሁት። ቁጥር ሦስት መቶ አርባ። «ልጁ። ከመጣ አራት ወሩ፤ ሻንጣውን አልፈታም።»

መኩሪያው ለዚህ መድኃኒት እንደሌለው ጽፎበታል። መሸከሙን በተመለከተ አክስቴ «መጀመሪያስ ማን ተሸከመው?» ብለዋል ይላል።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አንጓች ደጃችን ስትመጣ ስለ እኔም በየማለዳው ትጠይቃለች። መጀመሪያ ሳቅሁባት። ቀጥሎ ተናደድኩ። ባለፈው ሳምንት አክስቴ ምንም ሳይሉ ከቁም ሣጥናቸው አንዱን መደርደሪያ ባዶ አድርገው ወጡ። ባዶነቱ አስቸገረኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሸሚዞቹን ደረደርኩበት።

ዛሬ ጧት ከውስጥ ሆኜ ስሰማ፣

«ልጁስ?» አለች ወይዘሮ አንጓች።

«ሸሚዞቹን አውጥቷል» አሉ አክስቴ። «ካፖርቱን ግን አላወጣም።»

«ካፖርቱ ለዚህ አገር ይከብዳል!» አልኩ ከውስጥ።

«ይሰማሻል?» አሉ። «እሱንም ጻፊው።»

ጻፈችው። ከጎኑም «እየተሻለው ነው» ብላ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ደጅ አለፈች።